ታህት የሌለው ክፍልፋይ

በግንቦት 1999 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሪስ ወደሚገኘው ቤታችን አንድ ወጣት መምህር መታወቂያውን በደረቱ አንጠልጥሎ፣ ሰፋፊ ቅጾች ታቅፎ መጣ። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነበር። እናቴ ቡና አፍልታ ስለ ነበር አንድ ስኒ ሳይጠጣ ሥራውን እንዲጀምር አልፈቀደችለትም። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጣሪያው ዓይነት፣ መጸዳጃ ቤቱ የግል ይሁን የጋራ፣ ሁሉም ያለ ችግር አለፈ። አያቴ ብቻ፣ ዳዊት እስራኤልን ባስቆጠረ ጊዜ የወረደውን መቅሠፍት እያነሣች፣ «እኔን ተወኝ ልጄ፤ ዛሬ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ» አለችው። እሱም በትሕትና፣ «እማማ፣ የሚሄድም ይቆጠራል» ብሎ መዘገባት።

ቀጥሎ «ብሔረሰብ» የሚለው ጥያቄ መጣ። አባቴ የወልቂጤ ሰው ነው፤ «ጉራጌ» አለ። እናቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ «አማራ» አለች። መምህሩ ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «ልጆቹስ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ። አባቴ እናቴን አየ፤ እናቴ ስኒዎቹን አየች። እኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ወንድሜ ደግሞ 11። በመጨረሻ አባቴ፣ «አንተ እንደ ሥርዓቱ ጻፍ» አለው። መምህሩ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ አላየንም፤ ማናችንም አልጠየቅንም።

ያ ቅጽ ኢትዮጵያ ሕዝቧን የቆጠረችበት የመጨረሻው ቅጽ ነው። ዛሬ ሜልበርን ላይ ተቀምጬ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ መካከል ይህን ስጽፍ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ኢትዮጵያውያን በሙሉ በትንበያ እንጂ በቆጠራ አይታወቁም። ስለ አገረ መንግሥት ግንባታ በዚህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክ ትርክት። እኔ ግን የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነኝና የሚያስጨንቀኝ ከዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ፣ አሰልቺ የሚመስል ጉዳይ ነው። አንድ አገር ስንት እንደ ሆነ ሳይስማማ እንዴት አብሮ ይካፈላል?

ቆጠራ ከቅኝ ግዛት በኋላ በተፈጠሩ አገሮች ሁሉ ንጹሕ የስታቲስቲክስ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ቤኔዲክት አንደርሰን ስለ ብሔርተኝነት የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያሻሽል ስለ ቆጠራ፣ ስለ ካርታና ስለ ሙዚየም አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። ቅኝ ገዥው ሰውን ሲቆጥር መደብ ያበጅለታል፤ ገዥው ሄዶም መደቡ ይቀራል ነው ነገሩ። ብሪታንያ በሕንድ ካስትን በቆጠራ መዘገበች፤ ቤልጅግ በሩዋንዳ በ1930ዎቹ ሁቱና ቱትሲን በመታወቂያ ካርድ ላይ አጸናች። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ ራሳችንን ከታሪኩ ውጭ ማስቀመጥ ይቀናናል፤ ዓድዋ አለንና። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው ምሥራቅ አፍሪካን በነገድ ላይ በተመሠረቱ አስተዳደሮች መከፋፈሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የዛሬውን መደባችንን ያበጀንልን ባዕድ ነው ማለት አንችልም። ራሳችን ጻፍነው፣ ራሳችን አጸደቅነው። ቅኝ ሳንገዛ የቅኝ ተገዥ አገሮችን ችግር ሙሉ በሙሉ ወርሰናል።

የዘመኑን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር፤ በድርቁ ዓመት። ውጤቱ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ቀን ነው። መጀመሪያ ቆጠርን፣ ከዚያ በተቆጠርንበት መደብ ሥልጣን አከፋፈልን። አንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ የምርጫ ክልሎች አከላለልም በውጤቱ ላይ እንዲመሠረት። አንቀጽ 61 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወንበር እንዲኖረው፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወኪል እንዲጨመርለት ይደነግጋል። ያው ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል፤ በቀመሩም ውስጥ የሕዝብ ብዛት ከባድ ሚዛን አለው።

ስለዚህ ያ ወጣት መምህር «ልጆቹስ ጋሼ?» ሲል የጠየቀው፣ ሳያውቀው፣ ዋጋ ያለው ጥያቄ ነበር። ብሪታንያዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት አንድ መለኪያ ዒላማ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል የሚል መርሕ በስሙ ይጠራል። ቁጥሩ ወንበርና ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ለአንዱ ጥቅም፣ ለሌላው ጥርጣሬ ይሆናል። ማንም ሳያጭበረብር እንኳ ጥርጣሬው ብቻውን ይበቃል።

የ1999ኙ ቆጠራ ይህን አሳየን። አጠቃላይ ውጤቱ 73.9 ሚሊዮን ነበር። የአገሪቱ ዓመታዊ ዕድገት 2.6 በመቶ፣ የኦሮሚያና የደቡብ ክልል 2.9 በመቶ ሲሆን የአማራ ክልል 1.7 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጠረለት፤ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። የወሊድ መቀነስ፣ ወደ ሌሎች ክልሎች የሚደረግ ፍልሰት፣ ኤች አይ ቪ በምክንያትነት ቀረቡ። በሌላ ወገን ሆን ተብሎ የተሠራ ቅነሳ ነው የሚል እምነት ሰፈነ፤ ያ እምነት ዛሬም በክልሉ ፖለቲካ ውስጥ ሕያው ነው፤ አጎቶቼ በስልክ ይነግሩኛል።

እኔ ከሁለቱ አንዱን ልመርጥ አልችልም፤ መምረጥ የማልችልበት ምክንያት ግን ራሱ የጽሑፌ ፍሬ ነገር ነው። የቆጠራ ስሕተት የሚታረመው በሚቀጥለው ቆጠራ ነው። የተጠረጠረው ስሕተት ከነበረ በአሥር ዓመቱ ይገለጥ ነበር፤ ካልነበረም ቅሬታው ይቀዘቅዝ ነበር። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲቀር አንድ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ወደ ታሪክ በደልነት ይለወጣል፤ ታሪካዊ በደልን ደግሞ በመደመርና በመቀነስ ማንም አይፈታውም።

አራተኛው ቆጠራ በኅዳር 2010 ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። ወደ የካቲት ተላለፈ፤ ከዚያ ወደ 2011 መጋቢት፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው እንደገና በአንድ ዓመት አራዘሙት። ታብሌቶቹ ተገዝተዋል፤ የቆጠራ ካርታው ተሠርቷል። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ነበሩ፤ ተፈናቃይ የሚቆጠረው በሸሸበት ነው ወይስ ከተባረረበት? ለዚህ ጥያቄ ቴክኒካዊ መልስ አለው፤ ፖለቲካዊ መልስ ግን አልተገኘለትም። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት። በ2013 ምርጫ ተደረገ፤ አከላለሉ በአሮጌ ቁጥር ላይ የቆመ ነበር። የደቡብ ክልል በ1999 ሲቆጠር 15 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው አንድ ክልል ነበር፤ ዛሬ ሲዳማን ጨምሮ አራት ክልሎች ሆኗል። ካርታው ለአራት ሲቆረጥ ቁጥሩ ያው የጥንቱ ነው።

የዚህን ውጤት ከራሴ ሥራ ልንገራችሁ። የዶክትሬት ጽሑፌ የወረዳዎችን የነፍስ ወከፍ የመንግሥት ወጪ የሚያነጻጽር ነበር። አራት ዓመት ደከምሁበት፤ የወጪውን አኃዝ በእጅ ጽሑፍ ከተሞሉ መዝገቦች ሳይቀር ለቀምሁ። በመከላከያው ቀን ከፈታኞቼ አንዱ፣ ትሑት ሽማግሌ፣ «ላዕሉ ግሩም ነው፤ ታህቱ ግን ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። ክፍልፋይ ስንማር ከመስመሩ በላይ ያለውን ላዕል፣ ከታች ያለውን ታህት እንለው ነበር። እኔ የላዕሉን ሳንቲም ስቆጥር ታህቱ ከ1999 ዓ.ም. በእድገት ተመን እየተባዛ የመጣ ትንበያ ነበር። አለፍሁ፤ ግን ያ ጥያቄ አልተወኝም።

አገር አቀፉን ስሌት ውሰዱት። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያን 129 ሚሊዮን ገደማ ያደርጋታል። የራሳችን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ለዚያው ዓመት 107 ሚሊዮን ገደማ ነው። በመካከላቸው ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ። የዚያ ዓመት ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት 164 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተመዝግቧል። በአንዱ ታህት ብታካፍሉት የነፍስ ወከፍ ገቢያችን 1,270 ዶላር ገደማ፣ በሌላው 1,530 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድም ፋብሪካ ሳይከፈት፣ አንድም ኩንታል ጤፍ ሳይጨመር፣ አንድ አምስተኛ ሀብታም መሆን እንችላለን። የጤና ሪፖርት የምታነቡም ከመቶ በላይ የሆነ የክትባት ሽፋን የሚያስመዘግቡ ወረዳዎችን ታውቃላችሁ። እነዚያ ወረዳዎች ሁሉ አይዋሹም፤ ትክክለኛ የሕፃናት ቁጥር የላቸውም እንጂ።

«እንግዲያው የብሔር ጥያቄውን ከቅጹ አውጥተን እንቁጠር» የሚል ወዳጅ አያጣኝም። ሐሳቡን አልንቀውም። ታንዛኒያ ከ1967 ቆጠራዋ ወዲህ ነገድ አትጠይቅም። ሩዋንዳ ከዘር ፍጅቱ በኋላ ከመታወቂያዋ ላይ ሰርዛለች። ነገር ግን ናይጄሪያን ተመልከቱ። የ1962ቱን ቆጠራዋን ሰረዘች፤ በተከታዩ ዓመት ደግማ ቆጠረች፤ ያም ተጠረጠረ። በ2006 ሃይማኖትንም ብሔርንም ከቅጹ አወጣች። ውጤቱ ካኖን ከሌጎስ አስበለጠ፤ 9.4 ሚሊዮን ለ9 ሚሊዮን። ሌጎስ የራሴ ቆጠራ 17.5 ሚሊዮን ይለኛል ብላ ተሟገተች። ጥያቄው ከቅጹ ወጥቶ ነበር፤ ከድልድሉ ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ናይጄሪያም አልቆጠረችም። ኬንያ ደግሞ የ2009ኙን ውጤት ስታወጣ በሰሜን የሚገኙ ስምንት ወረዳዎችን ቁጥር ውድቅ አደረገች፤ ሊታመን ከሚችለው በላይ አድገዋል በሚል። ሊባኖስ ከ1932 ወዲህ ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ ሥልጣኗ በኑፋቄ ቁጥር የተደለደለ ነውና ማንም የድልድሉን መሠረት ሊነካ አይደፍርም። እኛ ወደ የትኛዋ እየሄድን እንደ ሆነ ሳስብ ሊባኖስ ደጋግማ ትመጣብኛለች።

ፋይዳ መታወቂያ ቆጠራውን ይተካል የሚሉም አሉ። ብሔር አይመዘግብም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፋይዳ ወደ መንግሥት የሚመጣውን ሰው ይመዘግባል። ቆጠራ ደግሞ መንግሥት ወደ ሰው ቤት የሚሄድበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ አያቴን «የሚሄድም ይቆጠራል» የሚልበት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወደምኖርባት አገር ልምጣ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1901 የጸናው ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 127 የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ሲሰላ ነባር ሕዝቦች እንዳይቆጠሩ ይደነግግ ነበር። ምክንያቱ ንቀት ብቻ አልነበረም፤ ስሌትም ነበረበት። ብዙ ነባር ሕዝብ ያለባቸው ክልሎች ተጨማሪ ወንበርና ገንዘብ እንዳያገኙ የታሰበ ነው። በግንቦት 1967 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከ90 በመቶ በላይ መራጭ አንቀጹ እንዲሰረዝ ድምፅ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ 812 ሺህ ያህል ሰዎች ነባር መሆናቸውን ተናገሩ፤ የሕዝቡ 3.2 በመቶ። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የስታቲስቲክስ ቢሮው ከቆጠራው በኋላ በናሙና ጥናት የራሱን ስሕተት ለክቶ አሳተመ። በአጠቃላይ የጎደለው ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን ከነባር ሕዝቦች ግን 17 በመቶ ያህል እንዳልቆጠረ በራሱ አንደበት ተናገረ። ይህ አሳፋሪ ቁጥር ነው። ነገር ግን ያሳተመው ከሳሹ አይደለም፤ ራሱ ቆጣሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የነባር ሕዝቦች ድምፅ በሕገ መንግሥቱ እንዲካተት የቀረበው ሕዝበ ውሳኔ ወድቋልና ይህችን አገር ተምሳሌት አድርጌ አላቀርብም። ስሕተትን የማሳወቅ ልማዷን ግን ብንበደራት እወዳለሁ።

የዚያ ቆጠራ ሌሊት ነሐሴ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ሜልበርን ለስድስተኛ ጊዜ ተዘግታ ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ የማኅበረሰብ ማኅበር ስለ ቆጠራው በአማርኛ ማብራሪያ እንዳዘጋጅ ጠይቆኝ ነበር። በደስታ ተቀበልሁ። በዚህ አገር ትውልዳቸው ኢትዮጵያ የሆነ ሰዎች ከ10 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በቪክቶሪያ ይኖራሉ። ከዓመት በፊት፣ በሐምሌ 2020፣ የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጉ 3,000 ያህል ነዋሪዎች በር ተዘግቶባቸው ነበር፤ ብዙዎቹም የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ናቸው። ምን እንደ ተፈጠረ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ቶሎ አላገኙም። አስተርጓሚ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የሚመደበው በቁጥር ነው። ቅጹ በዘር ግንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ይቀበል ነበር። ስለዚህ በማብራሪያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ «በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁላችንም ‹ኢትዮጵያዊ› ብለን ብንጽፍ ድምፃችን አይበተንም።»

በዙም ስብሰባው ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ብዙዎች ተስማሙ። አንድ አዛውንት መረቁኝም። ከዚያ ከመቀሌ የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ነርስ ማይክራፎኗን ከፈተች። «እህቴ፣ ስሌትሽ ገብቶኛል» አለች። «የእናቴ ስልክ ግን ከተቋረጠ ሰነባብቷል። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እዚህ ቅጽ ላይ ራሴ ስሜን የምጽፍበት አንድ መስመር ተሰጠኝ። እሱን ለማን ነው የማበድረው?» ማንም አልመለሰላትም። አንድ ሰው ስለ አንድነት መናገር ጀመረ፤ እሷ ንግግሩ ሳያልቅ ወጣች። ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ ማብራሪያውም እንዳለ ተሠራጨ።

ያን ሌሊት ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነበር። በእኔ በኩል ጉራጌና አማራ፣ በባለቤቴ በኩል የሐረር ኦሮሞ ናት። ሁለት መስመር ለሦስት አያት ቤት አይበቃም። በመጀመሪያው «ኢትዮጵያዊ» ጻፍሁ፤ ሁለተኛውን ባዶ ተውሁት። ስሌት ነበር፣ እምነትም ነበር፤ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበረው ለይቼ አላውቅም። ነርሷ ያለችው ግን ስለ አገራችን በምጽፋቸው ጽሑፎች ሁሉ የምነቅፈውን ነገር እኔ ራሴ ማድረጌን አስታወሰኝ። የምቆጥረው ሰው ምን ብሎ ቢመልስ እንደሚጠቅመኝ ቀድሜ ነግሬው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴን በስልክ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ያኔ ያ መምህር ለእኔና ለወንድሜ ምን ጻፈልን?» ዝም አለ። «አላየሁም» አለኝ ቆይቶ። «ለምን አልነገርኸውም?» «አንዱን ብል ሌላውን የምቀንስባችሁ መሰለኝ። እናትሽ እዚያው ተቀምጣ።»

ኢትዮጵያ እንደገና ስትቆጥር፣ መቼ እንደሆነ ባላውቅም፣ የብሔር ጥያቄውን ማጥፋት የለብንም እላለሁ፤ የነርሷን መስመር የመንጠቅ ሥልጣን ያለን አይመስለኝም። መልሱ ግን ከአንድ በላይ እንዲሆን፣ «አልመልስም» ማለትም እንዲቻል እሻለሁ። የድጎማው ቀመር በብሔር ቁጥር ሳይሆን በወረዳ ነዋሪ ቁጥርና በአገልግሎት ፍላጎት ላይ እንዲመዝን፣ ቆጣሪው ተቋም ተጠሪነቱ ከአስፈጻሚው እንዲለይ፣ የስሕተት መጠኑም ከውጤቱ ጋር በአንድ ቀን እንዲታተም። ስለ ቴክኒኩ ብዙም አልጨነቅም። ቡርኪና ፋሶ በ2019 ቆጠራዋ ቆጣሪ ሊገባባቸው ባልቻሉ አካባቢዎች በሳተላይት ምስል የታገዘ ግምት ተጠቅማለች። ለእኛም ይቻላል ይሉኛል። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ዛሬ ቆጣሪ ሊገባባቸው የማይችሉት የአማራና የኦሮሚያ አካባቢዎች ቁጥራችን ተሰረቀ የሚለው ቅሬታ የጸናባቸው ጭምር መሆናቸው ነው። እነሱን ከሰማይ ገምቶ ሌላውን በር አንኳኩቶ መቁጠር በደሉን በአኃዝ ማጽደቅ ይሆናል። ስለዚህ በጦርነት መካከል ይቆጠር ከሚሉት ወዳጆቼ እለያለሁ፤ መዘግየቱ የሚያስከፍለንን እያወቅሁ።

የአውስትራሊያ ቀጣይ ቆጠራ በነሐሴ 2026 ነው። ማኅበሩ ማብራሪያውን አሻሽዬ እንድልክለት ዳግም ጠይቆኛል። ልጃችን አሁን ማንበብ ትችላለች፤ ቅጹን አብራን ትሞላለች። የድሮውን ሰነድ ከፍቼ ስለ ምስጢራዊነት፣ ስለ አስተርጓሚ ስልክ፣ ስለ ቋንቋ ጥያቄው የጻፍሁትን እንዳለ ተውሁት። «በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁላችንም» ብሎ የሚጀምረውን ዓረፍተ ነገር ግን ሰርዤ፣ ፋይሉን ከመላኬ በፊት ለነርሷ ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።